አባ ጆሮ ያልጨረሰው ዘፈን

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደ ጻድቅ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? መነጽርዎስ አሁንም በላስቲክ እንደታሰረ ነው፣ ወይስ ጡረታ ሲወጡ እሱንም በክብር አሰናበቱት? ሰላምታው የረዘመው ወድጄ አይደለም። «ሰላምታ የጎደለው ደብዳቤ ሱሪውን ረስቶ አደባባይ የወጣ ሰው ነው» እያሉ ክፍል ውስጥ ያስፈራሩን እርስዎ ነዎት። ይኸው ሱሪዬን ታጥቄ ነው የምጽፈው።

እርስዎ ቁንዝላ ከገቡ ወዲህ የሙዚቃ ክበቡን የተረከቡት የሒሳብ አስተማሪያችን ናቸው። ክራሩን እንደ ተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይፈሩታል፤ በእስክሪብቶ ጫፍ ነው የሚነኩት። ኢንተርኔት እንደጠፋ ነው፣ የቁንዝላ ስልክም ጭራሽ አይጠራም፣ ስለዚህ የቁንዝላዋ እናትዓለም ዓሣዋን ሸጣ በጀልባ ስትመለስ ወረቀት አስይዣታለሁ። ለክፍሌ ልጆች «ደብዳቤ ልጽፍ ነው» ስላቸው አንዷ «ለማን? ለንጉሡ?» አለችኝ።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ነገር። አዎ፣ አባ ጆሮ እዚህም ይሰማል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሬዲዮው የወጣቶች ፕሮግራም ላይ፣ አዲስ የወጡ ዘፈኖችን እያነሣ ሲያብጠለጥል ከተማው ይስቃል። የሚያነበው አዘጋጁ ሙሐዲን ነው፤ ድምፁን እያወፈረ፣ በመሀል እየሳለ። ጽሑፉን ማን እንደሚልክለት ግን እንጃ። እኔ ከየት አውቃለሁ? «ልጄ፣ መጀመሪያ ቅኝት!» የሚለውም ሆነ «እኔ ክራር ስይዝ እናንተ ጡጦ ይዛችሁ ነበር» የሚለው የእርስዎ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሽማግሌ ሁሉ የሚለው አይደል? ከአንድ ፋብሪካ ነው የምትወጡት።

ግን ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር አልገባኝም። ሊጠይቁዎ የመጡትን ሰዎች «ቁጭ በሉ ብላቸው ቆመው ቀሩ» ይላሉ። ለምን ቆሙ? ያስቆጣቸውስ የትኛው ዘፈን ነው? ቀልድ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ቀልድ ካልሆነም ይንገሩኝ። እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው። የተማሪ ጉጉት ነው ይበሉት።

ጥምቀት ደርሷል፤ እንኳን አደረሰዎ።

አክባሪዎ
ሔራን ቢያዝን


ቁንዝላ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን ቢያዝን፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? አባትሽ አቶ ቢያዝንስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መነጽሬም ደኅና ነው፤ ላስቲኩን ቀይሬለታለሁ።

መልስ ያዘገየሁት ከቤት ስላልወጣሁ ነው። ጥምቀትንም አልወጣሁም። ታቦቱ ሲያልፍ በአጥር ቀዳዳ ነው የተሳለምሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጃገረድ በቀዳዳ ሳጮልቅ ራሴን ታዝቤ ሣቅሁ፤ ሣቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም።

ለምን ቆሙ ላልሽው፣ በእኛ አገር ሊጣላ የመጣ ሰው ከተቀመጠ ጠቡ ይበርድበታል። ስለዚህ አይቀመጥም። ፊት የቆመው ገድሉ የሚባለው ነው። ዘፈኑም «የጥር ሙሽራ»፣ የታናሽ ወንድሙ የምሥጋና ዘፈን ነው። ምሥጋናን ታውቂዋለሽ፤ ከአንቺ በፊት እኔው ያስተማርሁት ልጅ ነው።

የማታውቂው ይህ ነው። በዘፈኑ መካከል የምትገባው ሴት እናታቸው አደይ ናት። በዚህ ዳርቻ ያለ አደይ ሙሽራ አይሸኝም ነበር። ታማ ሳለች ምሥጋና ወስዶ ድምፅዋን አስቀዳ፤ ዘፈኑ ሳይወጣ ዐረፈች። ኀዘንተኛው ከዳሱ ሳይነሣ፣ የልጇ ዘፈን በሬዲዮ ሊመጣ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ያ አባ ጆሮ የምትሉት ተነሣና «ይህችን የተሰነጠቀች ገንቦ ማን ስቱዲዮ አስገባት? ወደ ቤቷ ሸኟትና ትረፍ» አለ።

ቀጥሎ «ልጄ፣ መጀመሪያ ቅኝት!» ሲል የዳሱ ሰው በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እዚያው መካከላቸው ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጠኝ የለም። በጠራራ ፀሐይ ጣራዬ ላይ ድንጋይ ወድቋል። ውሻዬንም ካየኋት ቆየሁ። ከድንጋዩ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ጽሑፉ የእኔ ነው መባሉ ነው። እኔ ወልደ ጻድቅ የአደይን ድምፅ ገንቦ የሚል ጆሮ አለኝ? ስድቡን ተዪው፤ ይህን ያህል ዘመን ቅኝት አስተምሬ እንዲህ ያለ ደንቆሮ ነው ተብዬ ልሙት?

እዚያ ሬዲዮ ጣቢያ የምታውቂው ሰው ካለ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ። ላስከስሰው አይደለም። አፌን እንዲመልስልኝ ነው።

ወልደ ጻድቅ


ባሕር ዳር
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጠይቂልኝ ያሉኝን ሰው አግኝቼዋለሁ። እኔ ነኝ።

ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ። አጥፌ ለጣቢያው ጥበቃ እሰጣለሁ፣ ጥበቃው ለሙሐዲን ይሰጣል፤ ሙሐዲን እንኳ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ስለ እትዬ አደይ አላወቅኩም ነበር። መሞታቸውን አላወቅኩም፣ እናቱ መሆናቸውን አላወቅኩም፣ ቁንዝላ ሬዲዮኑ እንደሚሰማ እንኳ አላሰብኩም። ሰው የሚኖረው ባሕር ዳር ብቻ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።

እናትዓለም ደብዳቤዎን ሰጥታኝ ሳነብ አየችኝ። «ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። አልቅሼ ስለነበር ነገርኳት። ለማንም እንዳትናገር አስምያታለሁ። የዓሣ ቢላዋዋን አስቀመጠችና «አንቺ ልጅ፣ ገድሉን አታውቂውም» አለችኝ።

ምን ላድርግ? ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ወጥቼ ልናገር? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ። በርዎን ይዝጉ። በቀንም ይዝጉ።

ሔራን


ባሕር ዳር
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ጻድቅ፤

እንደምን አሉ? እናትዓለም የሰጠችኝ ወረቀት «ለምን?» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው ያለበት። ገልብጬም አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ገጽ ሙሉ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሺ፣ ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ ግን ምክንያቱ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ የላክሁት ጽሑፍ ሙገሳ ነበር። አንድ የዘጌ ልጅ በዋሽንት የሠራው ዘፈን አንጀቴን እንዴት እንደበላው ጻፍኩ። ሙሐዲን አነበበው። ማንም ምንም አላለም። በሳምንቱ አንዱን ዘፋኝ «ድምፁ የተበላሸ ባጃጅ ኮረብታ ሲወጣ ነው» አልኩት። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ተሳፍሬ ሾፌሩ ራሱ ያንን እየደገመ ሲስቅ ሰማሁት። ጋሼ፣ የማያውቅዎ ሰው በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሲስቅ ሰምተው ያውቃሉ? ከስኳር ይጥማል። ከዚያ በኋላ ማሞገስ እንደ ጾም ምግብ ሆነብኝ።

ለምን በእርስዎ አፍ? እኔ በራሴ ድምፅ ብጽፈው ማን ይሰማኛል? ሽማግሌ ሲሳደብ ምክር ይባላል፤ ልጅ ስትሳደብ ብልግና ነው። እርስዎ ደግሞ ለማስመሰል ቀላል ነዎት፤ ይህን እየፈራሁ ነው የምጽፈው፣ ግን ነዎት። ጠረጴዛ መታ መታ፣ ጉሮሮ ጠረግ፣ «በእኛ ጊዜ»። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሙድ ይዤብዎታለሁ! እርስዎን ማስመሰል እርስዎን መሆን አይመስለኝም ነበር።

ሦስተኛውን መጻፍ አልፈልግም። ምሥጋና አምና ትምህርት ቤታችን ለተሰጥኦ ውድድር ዳኛ ሆኖ መጥቶ ነበር። ሁለት መስመር ሳልዘፍን እጁን አነሣ። «እህቴ፣ አንቺ ብትጽፊ ይሻልሻል» አለኝ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ጻፍኩ።

ዘፈኑን ስንት ጊዜ ሰምተሽው ነው ብለው ሳይጠይቁኝ አይቀሩም፤ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነው። አንድ ጊዜ። እሱም ሙሉውን አይደለም። በባጃጅ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት። ስደርስ ገና አላለቀም ነበር፤ ወረድኩ።

ሔራን


ቁንዝላ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሔራን ቢያዝን፤

ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬ ሲበርድ እጽፋለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ ስላልበረደ ከነትኩሳቱ እጽፋለሁ።

ሙድ መያዝሽን አውቅ ነበር። ወደ ጥቁር ሰሌዳ ዞሬ የማላይ ይመስልሻል? የመስኮቱ መስተዋት ያሳየኝ ነበር። ጉሮሮ ጠረጋውን አሳምረሽዋል፤ አረማመዴን ግን አልቻልሽበትም። ያኔ ዝም ያልሁሽ ልጅ ያስመስላል ብዬ ነው። አሁን ግን ያስመሰልሽው ሰው እዚህ ቤት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ የሚቀበርበት ደብር አለው።

በሬዲዮ ልናገር ላልሽው፣ እንዳትሞክሪው። ስምሽን ብትጠሪ ገድሉ ባሕር ዳር ዘመዱ ብዙ ነው፤ የአባትሽን ቤት ለማግኘት ግማሽ ቀን አይፈጅባቸውም። እኔ እስካሁን «እኔ ነኝ» አላልሁም፤ «አይደለሁም»ም አላልሁም። አይደለሁም ብል «ታዲያ ማን ነው?» ይሉኛል። መዋሸት ደግሞ አልችልበትም፤ ፊቴ ቀድሞኝ ይናገራል። እና ዝም አልሁ። እነሱ ዝምታዬን እንደ ኩራት ቆጠሩት።

አሁን የቤት ሥራ እሰጥሻለሁ፤ ጡረታ ብወጣም አልተውሁም። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ስሚው። ባጃጅ ውስጥ አይደለም፤ ቁጭ ብለሽ። ከዚያ ማብቂያው ላይ አዝማቹ ሲመለስ ማሲንቆው ምን እንደሚያደርግ ጻፊልኝ። ይቅርታሽን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ። ያልሰማሽውን ነገር ይቅርታ ልትጠይቂበት አትችዪም።

ለአደይ አርባ ተጠርቻለሁ። ቀድሞ ቢሆን ልጅ ይልኩብኝ ነበር፤ አሁን ሁለት ጎልማሶች መጥተው ነው የነገሩኝ። እሄዳለሁ። ብቀር እኔ ነኝ ማለት ነው።

ወልደ ጻድቅ


ባሕር ዳር
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

አይሂዱ! ከሁሉ በፊት እሱን ልበል፣ አይሂዱ። ታመምኩ ይበሉ። ሽማግሌ ታመምኩ ቢል ማን ይጠራጠራል? ስትፈልጉ እኮ ሁላችሁም ወገባችሁን ይዛችሁ ትነሣላችሁ፤ አሁን ይያዙት።

ምክንያት አለኝ። ከትናንት በስቲያ ጣቢያው ደጅ ቆሜ ሳለ፣ ሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ሙሐዲንን አስጠርቶ «አባ ጆሮን የት ነው የማገኘው?» አለው። ሙሐዲን ሣቀ። አድናቂ መስሎታል። «እሱማ ቁንዝላ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ ነው ይባላል» አለው። ሰውየው አልሣቀም። «እኛም እንደዚያ ነው የሰማነው» አለና ሞተሩን አስነሣ። እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። በሰው ድምፅ ስንት ስናገር ከርሜ የራሴ ሲፈለግ የለም። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ሞተር ሲመጣ ግድግዳ እጠጋለሁ። አባዬ «ምን ሆነሻል?» ይለኛል፤ ፈተና ደርሶ ነው እለዋለሁ።

የቤት ሥራውን ሠርቻለሁ። ከጎረቤታችን ከሱምያ ስልክ ላይ አስገልብጬ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በር ዘግቼ። ማሲንቆው ይቆማል። እትዬ አደይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ማሲንቆው አብሮ ይቆማል፤ ጭብጨባው ብቻ ይቀጥላል። ተንፍሰው እስኪጀምሩ ይጠብቃቸዋል፣ ከዚያ ከሥራቸው ገብቶ ያነሣቸዋል። ስንጥቅ ያልኩት እሱን ነው፤ ትንፋሻቸው ነው። አንዲት ልጅ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚሰማው እንደዚያ ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ እኔ ሠርግ ሄጄ የማውቀው ለዶሮ ወጡ ቢሆንም። አለቀስኩ። ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም።

ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ፣ ባልሰማሁት ይሻል ነበር። ያንን ቦታ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። መጨረሻ ላይ «ደጅሽ ይሙላ፣ ልጄ፣ ደጅሽ» ብለው ቀጣዩን ቃል ሲጀምሩ ምሥጋና ከኪቦርዱ ጋር ይመጣና ይሸፍናቸዋል። ቃሉ ምን እንደሆነ አይሰማም። የራሱ ዜማ እንዲጀምር ብሎ ቆርጧቸዋል። በሕይወታቸው የዘፈኑት የመጨረሻ ቃል ይመስለኛል፣ እሱም አላስጨረሳቸውም።

ይህን መናገር ይገባኛል? ወይስ አንዴ በድዬአለሁና ከእንግዲህ ስለዚህ ዘፈን ደግ ደጉን ብቻ ማለት አለብኝ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? የእውነት እርስዎ፤ የእኔው አይደሉም።

አይሂዱ።

ሔራን


ባሕር ዳር
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ጻድቅ፤

የት ነዎት?

እናትዓለም ዛሬ መጣች። ደብዳቤ አልያዘችም። ስጠይቃት ቅርጫቷን ስታስተካክል ቆየች፣ የተስተካከለውን። «አሉ፣ አሉ» አለችኝ። «አሉ ማለት ምን ማለት ነው? ደኅና ናቸው?» አልኳት። «አሉ እኮ ነው የምልሽ» አለችና ወደ ሌላ ገዢ ዞረች። ፊቴን አላየችም። ሁልጊዜ «አንቺ ክልፍልፍ» ብላ ጉንጬን የምትቆነጥጥ ሴት ናት።

ለአባዬ ነገርኩት። ከፋብሪካ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ነበር። አንዱን እንደያዘ አልጋው ላይ ተቀመጠና ሁሉንም እስክጨርስ ሰማኝ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለጩኸቱ ተዘጋጅቼ ነበር። «የእኔንስ ድምፅ ታስመስያለሽ?» ብቻ አለኝ። የፈታውን ጫማ መልሶ አደረገና በሩን ሊቆልፍ ወጣ።

ምንም አይጻፉ፤ ስምዎን ብቻ ይጻፉልኝ። ወይም አንድ መስመር ያስምሩ። እጅዎን አውቀዋለሁ።

ሔራን


ቁንዝላ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሔራን ቢያዝን፤

ይህ እጅ የእኔ እንዳልሆነ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ቃሉ የእኔ የወልደ ጻድቅ ነው፤ የሚጽፈው ገድሉ ነው። ቀኝ እጄ ለጊዜው ብዕር አይዝልኝም። ምን እንዳገኘው አትጠይቂኝ።

(እኔ አልመታኋቸውም። ሌላ ሰው ነው። ይህን ያልሁ ገድሉ ነኝ።)

ያላልሁትን አትጻፍ ብዬዋለሁ። ጽፎታል። አንተ ልጅ፣ ፊደልህ ዛሬም እንደ ጉንዳን ይበታተናል ብዬዋለሁ፤ ይህን ግን ይጻፈው አይጻፈው እንጃ።

(ጽፌዋለሁ።)

ስምሽን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። በአርባዋ ዕለት፣ የሆነው ሲሆን፣ እናትዓለም ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ «እሳቸው አይደሉም! ባሕር ዳር ያለች ተማሪ ናት!» ብላ ጮኸች። አትቀየሚያት። ባትጮኽ ኖሮ ይህን የማስጽፍበት አፍም አይኖረኝም ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ገድሉ ይቅርታ ትበልና ይብቃ አለ። እኔ እንቢ አልሁ። ይቅርታው ለእናታችሁ ነው፣ እሱን በጉልበቷ ተንበርክካ ትላለች፤ ለዘፈኑ ግን ይቅርታ አይበቃውም፣ ዘፈኑ የሚሰማው ሰው ነው የተነፈገው አልሁ። ተስማሙ። እንግዲህ የተፈረደብሽ ይህ ነው። ከአባትሽ ጋር ትመጪያለሽ። ዳሱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ዘፈኑ ይከፈታል። እስከ መጨረሻው ትሰሚያለሽ። ከዚያ ቆመሽ፣ በራስሽ አፍ፣ ምሥጋናን ፊት ለፊት እያየሽ፣ የሰማሽውን ትናገሪያለሽ።

በመንገድም በጀልባም ማንም አይነካሽም። ገድሉ በእናቱ ስም ምሏል።

(እውነት ነው፤ ምያለሁ። እስክትናገሪ ድረስ። ከዚያ በኋላ ላለው አልማልሁም።)

ስለ መጨረሻው ቃል ለጠየቅሽኝ፣ አልመልስልሽም። ብመልስልሽ ደግሞ በእኔ አፍ ልትናገሪ ነው።

(የምን ቃል ነው? ጠይቄያቸው አልነገሩኝም። ስትመጪ እሰማዋለሁ። ገድሉ።)

ወልደ ጻድቅ


ጣና ላይ፣ ጀልባ ውስጥ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ጻድቅ፤

ወረቀቱ የረጠበው በውኃ ነው። ማዕበል አለ። ከጀልባው ስወርድ በእጅዎ እሰጥዎታለሁ፤ በግራው። ግን ነገሩ ሁሉ እስኪያልቅ አይክፈቱት፤ እንደ ሽማግሌ አይቸኩሉ። አዎ፣ ሽማግሌዎች ትቸኩላላችሁ፤ ቀስ የሚለው እግራችሁ ብቻ ነው።

አባዬ አጠገቤ ነው። ክራቫት አስሯል። እናትዓለም ስታየው «አቶ ቢያዝን፣ ሠርግ ነው እንዴ?» አለችው፤ ከዚያ ያለችው ነገር ራሷን አስደንግጧት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ የሆነበት ቦታ ምን እንደሚለበስ ማን ያውቃል?

ሌሊቱን አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ቆንጆ ነው። «ይህ ድንቅ የጥበብ ሥራ የአገራችንን ባህል ከፍ ያደረገ፣ አንጀት የሚበላ…» እያለ ይሄዳል፤ አልበም በሚመረቅበት አዳራሽ የሚባለው ሁሉ አለበት። ጠዋት ሳነበው አንድ ነገር ያዝኩበት። ያኔ ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ገንቦ አልኳቸው፤ አሁን ሰው እንዳይመታኝ ብዬ ድንቅ ልላቸው ነው። ሁለቱንም ለመጻፍ ዘፈኑን መስማት አያስፈልገኝም። ቀድጄ ውኃ ውስጥ ጣልኩት። ወዲያው ቆጨኝ። ሌላ አልጻፍኩማ።

እፈራለሁ ጋሼ። ከመናገሬ በፊት ድምፄ ይጠፋብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ከተናገርኩ በኋላ ላለው ደግሞ ገድሉ ራሱ አልማልሁም ብሏል። ምሥጋና ያኔ እጁን እንዳነሣብኝ ዛሬም ሁለት ቃል ሳልናገር ቢያነሣስ? ያኔ አዳራሽ ነበር፤ ዛሬ ዳስ ነው፣ በዙሪያው ወንድሞቹ ናቸው።

ወደቡ ታየኝ። ሰው ቆሟል፤ ብዙ ነው፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ፊት ናቸው። እርስዎን አየሁዎት። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ክንድዎ በነጭ ጨርቅ አንገትዎ ላይ ታስሯል። ያንን ጨርቅ ማየት አልቻልኩም፤ ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ አየሁ። ከጎንዎ ራሱን የተላጨው ምሥጋና ነው መሰለኝ። ከስቷል። እናቱ የሞተችበት ሰው እንጂ ዳኛ አይመስልም።

የጀልባው ሞተር ጠፋ። አሁን የሚሰማው ውኃው ብቻ ነው፣ እና ከወዲያ የሆነ ሰው «መጣች» ሲል።

አባዬ «ምን ልትያቸው ነው?» አለኝ። እንደዚህ አልኩት፦ መጀመሪያ ስሜን እናገራለሁ። ከዚያ እትዬ አደይን ገንቦ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እናገርና ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ዘፈኑ ይከፈታል፣ እሰማለሁ። ሲያልቅ ማሲንቆው ለትንፋሻቸው እንዴት እንደቆመላቸው እናገራለሁ። ከዚያ ምሥጋናን እያየሁት «አንተ ግን እናትህን አላስጨረስካቸውም፤ የመጨረሻው ቃል ምን ነበር?» እለዋለሁ።

አባዬ ክራቫቱን ፈታ፣ ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ መልሶ አሰረው። ወደ ሰዎቹ እያየ ክንዴን ያዘኝ።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አለኝ፤ «እንዲሰሙሽ።»

ሔራን